የአባቴ የመርከበኛ ካፖርትና የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ

የአባቴን ካፖርት ለማሳደስ ከድሬ ሐረር አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ለአንድ አሮጌ ልብስ ይህን ያህል?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አዎ፣ ይህን ያህል። የተሠራውን ካየሁ በኋላ አምስተኛም ቢሆን እሄድ ነበር። ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ልብስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ማንን እንደሚያምን ግራ የገባው ሰው ይኖራል ብዬ ነው የምጽፈው።

የልብስ ሰፊው ቤት ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደውን መኪና ግርግር የማያውቅ የሐረር ሰው የለም፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እኔ የምለው ልብስ ሰፊ ወደ ራምቦ ቤት የሚያስገባው ቅያስ ጋ ሳይደረስ ነው ያለው። ታፔላ የለውም። ደጃፉ ላይ ልዩ ልዩ ቁልፍ የሞላበት ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ተቀምጧል፤ በዚያ ታውቁታላችሁ። «ስሜን ተዪው፣ ሥራውን ጻፊ» ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ ይመስለኛል። መጀመሪያ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ እኛ የድሬና የሐረር ሰዎች አንቱታ አይሆንልንም፣ እሱም «አንተ በይኝ አቦ» አለኝና ተገላገልን።

አሁን ስለ ካፖርቱ ልንገራችሁ፤ ካፖርቱን ካላወቃችሁ የሰውየው ሥራ ምን እንደሆነ አይገባችሁም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከበኛ ካፖርት ነው። ሚዛን ላይ አስቀምጬው 2 ኪሎ ከ200 ግራም መዝኗል። ቤት ውስጥ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሱፉ ከርሲ የሚባለው ዓይነት ነው፦ ከተሸመነ በኋላ በውሃ ተረግጦ እንዲጠብቅ የተደረገ፣ ጠጉሩም ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ቶሎ አይሰርግም፣ ተንከባሎ ይወርዳል። ቁመቱ ከዳሌ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ መርከበኛ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱን እንዳይዘው ነው። ኮሌታው ሰፊ ነው፣ ሲነሣ ጆሮን ይሸፍናል። ደረቱ ተደራርቦ ስለሚቆለፍ ነፋሱ የሚያገኘው ድርብ ሱፍ ነው። ኪሶቹ በጎን በኩል እጅ ለማሞቅ የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ኮርዶሮይ ነው፣ ያ መስመር መስመር ያለው ለስላሳ ጥጥ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ገመድ የተጠመጠመበት መልሕቅ ተቀርጿል። ፊት ለፊት የሚታዩ ስምንት ቁልፎች አሉት፣ ኮሌታው ሲገለበጥ ሥር የሚደበቁ ደግሞ ሁለት።

ይህ ካፖርት እንዴት ድሬዳዋ ደረሰ? መነሻው ባቡር ጣቢያው ነው።

አባቴ የተወለደው እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ለመዝመት ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጣቢያው ላይ ወታደሮቹን አይቷል። ጅቡቲ ላይ ጀኔራል ማክሬ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወታደር ማመላለሻ መርከብ ጠበቀቻቸው፤ ሚያዝያ 8 ቀን ተሳፍረው ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ፑሳን ገቡ፣ ከዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፉ። ሌላው ልጅ ሁሉ ስለ ጠመንጃው ሲያወራ አባቴ ስለ መርከቧ ነበር የሚጠይቀው። ምድር ለምድር የሚሄድ ባቡር ለሚያውቅ ልጅ ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ውሃ ላይ ለሦስት ሳምንት የሚሄድ ቤት ማሰብ ቀላል አልነበረም። ባሕር ኃይል ሲመሠረት ሌላ ነገር አላሰበም፤ ዕድሜው ሲፈቅድ ምጽዋ ሄደ።

የተመደበው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መርከቧን በፎቶግራፍ ያውቃታል፣ ታሪኳን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሃውተን ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ ጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። የተሠራችው የባሕር አውሮፕላኖች እናት እንድትሆን ነበር፤ ውሃ ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ነዳጅ ትሞላለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹም እሷ ላይ ይበላሉ ይተኛሉ። በጦርነቱ ጊዜ ፊሊፒንስ ነበረች። ጥር 1954 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፣ A-01 የሚል ቁጥር ተጻፈባትና የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብና የካዴቶች ማሠልጠኛ ሆነች። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይሰጥም። ግንቦት 1945 ዓ.ም. ላይ በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ የሚባለውን የሬዲዮ መገናኛ ሰፈሯን ይዛ ትቀጥላለች፣ በምላሹ ጦራችንን ታስታጥቃለች፣ ታሠለጥናለች።

የመኮንኖቹ መምህራን ኖርዌያውያን ነበሩ፤ ከመርከቧ ጋር ግን ሞተሯን የሚያሳዩ አሜሪካውያን መጡ። ካፖርቱ የአንዱ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ ሞተር ክፍል የሚሠራ የበታች ሹም። ምጽዋ ላይ የሱፍ ካፖርት ምን ያደርጋል? ሙቀቱ ከድሬ ይብሳል። ሊመለስ ሲል ለአባቴ ሰጠው፤ «አሥመራ ስትወጣ ትለብሰዋለህ» አለው። አባቴም አሥመራ በወጣ ቁጥር ለብሶታል።

ሰውየው ሞተር ክፍል የገባበትን መንገድ አባቴ ደጋግሞ ነግሮኛል። እ.ኤ.አ. በ1941 ሲቀጠር ለጥቁር ምልምል የተከፈተው በር አንድ ብቻ ነበር፦ የመኮንኖቹን ምግብ ቤት ማገልገል። ሳህን ማንሳት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ መጥረግ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 7 ፐርል ሃርበር ሲደበደብ ዌስት ቨርጂኒያ በተባለችው መርከብ ላይ ዶሪ ሚለር የሚባል የምግብ ቤት አገልጋይ ሥልጠና ያልተሰጠበትን መትረየስ ይዞ ተኮሰ፤ ግንቦት 1942 አድሚራል ኒሚትዝ የባሕር ኃይል መስቀል ደረቱ ላይ ሰካለት፣ ይህን ኒሻን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌሎቹ የሥራ ዘርፎች ለጥቁሮች መከፈት ጀመሩ። መጋቢት 1944 ላይ አሥራ ሦስት ጥቁሮች መኮንን ሆኑ። 1946 ላይ ባሕር ኃይሉ ገደቡን በወረቀት አነሣ፤ ሐምሌ 26 ቀን 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለመላው ጦር የእኩልነት ትእዛዝ ፈረሙ። የካፖርቱ ባለቤት ግን ትእዛዙ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላም ወደ ሞተር ክፍል ለመውረድ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ እንዳስገባ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወደ ምግብ ቤት እንደተላከ ለአባቴ ነግሮታል። በሦስተኛው ገባ። እና ግራ እጅጌው ላይ የሙያውን ምልክት፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ ሰፋ።

ይህን ንስር አስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

አባቴ መርከቧን ከተወ በኋላ ድሬ ተመልሶ በመካኒክነት ሠራ። መርከበኝነቱ ግን አልለቀቀውም። የእኛን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አጥፎ አያውቅም፣ ጠቅልሎ በአጭር ክር ያስረዋል፤ አሜሪካውያኑ ያስተማሩት ነው። መርከብ ላይ ቁም ሣጥን የለም፤ መርከበኛ ያለው ንብረት ሁሉ አንድ የሸራ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ የተጠቀለለ ልብስ ደግሞ ቦታ አይወስድም፣ አይጨማደድም። በየጊዜው ፍተሻ አለ፤ ከረጢቱን አልጋ ላይ ገልብጠህ እያንዳንዱ ካልሲ ላይ ስምህ መታተሙን ታሳያለህ። አልጋውም አልጋ ለማለት ነው እንጂ ብረት ላይ በገመድ የተወጠረ ሸራ ነው፣ ሦስት አንዳንዴም አራት ሆኖ የተደራረበ። የላይኛው ሲገላበጥ የታችኛው ይነቃል። ሌሊት ሌሊት ጥበቃ አራት አራት ሰዓት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ደወል ይጨመራል፣ ስምንተኛው ሲደወል ተረኛው ይቀየራል። መጠጥ የለም፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ መርከብ ላይ መጠጥ ከልክሏል። በምትኩ ቡና ነው፣ ቀንም ሌሊትም። አባቴ ያን ቡና ቡና አይለውም ነበር፤ የሐረር ቡና ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው።

ከሁሉ የረዳን ግን ገላ አስተጣጠቡ ነው። ጨው ባሕር መሐል ጨው የሌለው ውሃ በመሣሪያ ነው የሚጣራው፣ ስለዚህ ቁጠባ ነው። ገላህን ታርሳለህ፣ ውሃውን ትዘጋለህ፣ ሳሙና ትመታለህ፣ ከፍተህ ትለቀለቃለህ፣ አለቀ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስድስት ልጆች በአንድ ጀሪካን የታጠብነው በዚህ ዘዴ ነው።

አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ካፖርቱ ለእኔ ደረሰ።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ከሰባት ዓመት በፊት ሞኝነቴ ይሁን ጥድፊያዬ አላውቅም፣ ድሬ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ሰጠሁት። በደረቅ ይታጠብ ብዬ ነበር፤ በሙቅ ውሃ አጠቡት። ሱፉ ተረፈ፣ ገበሩ ግን ተኮማትሮ ሁለቱም ብብት ላይ ተቀደደ። ስከራከር «አሮጌ ነው እኮ» አሉኝ። አዝኜ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፣ እዚያ ደግሞ ብል አገኘው። ዘንድሮ ሳወጣው ግራ እጅጌውና ጀርባው ተበሳስቷል፣ ከፊት ሁለት ቁልፎች የሉም፣ የቀኝ ኪሱ ኮርዶሮይ አልቆ እጅ ያሳልፋል።

ድሬ ላይ ሦስት ልብስ ሰፊዎች አሳየሁ። አንዱ ጥቁር ጨርቅ ልጣፍበት አለ። አንዱ እጅጌውን ቆርጠን አጭር እናድርገው አለ። ሦስተኛው ሳይዘረጋው «ሰልባጅ ተራ አዲስ አለ» አለኝ። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሐረሩን ሰው ነገረችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፌ ደረስኩ። ካፖርቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ ድሬ ላይ ያላበኝ ሐረር ስገባ ነው የደረቀልኝ። ሰውየው የእግር ሲንጀር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተቀበለኝና ዋጋም ሳይናገር፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ካፖርቱን ገልብጦ ውስጡን ማየት ጀመረ። ይህን ያስተዋልኩት ወዲያው ነው። ሌሎቹ ሁሉ ያዩት ፊቱን ነበር።

ጣቱን በስፌቱ ላይ እየሳበ ሄደ። «ይህን የሰፋው ሰው አልቸኮለም» አለ። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ለሐረር ጦር አካዳሚ ካዴቶች ሱሪ ያሳጥር እንደነበር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወታደር ልብስ የት የት እንደሚያልቅ ያውቃል። ከዚያ ባትሪ አበራና ከእጅጌው ውስጥ ከቶ በሩን ገፋ አደረገው። በጨለማው ውስጥ ብሉ የበላው ሁሉ እንደ ኮከብ በራ። ቆጠርነው፦ ሰባት ትንንሽ፣ ሁለት ትልልቅ። እያንዳንዷን በነጭ ክር ምልክት አደረገባት።

«በምን ትሞላዋለህ?» አልኩት።

«በራሱ ነዋ» አለኝ።

እንዴት እንደሆነ በሁለተኛው ጉዞዬ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። የካፖርቱን የታችኛውን ቅምቅማት ፈቶ፣ ማንም ከማያየው የውስጥ ትርፍ ላይ ክር በክር ይመዛል። ከዚያች አንድ ክር በቀጭን መርፌ ቀዳዳው ላይ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ አግድም፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሳለፈ ይሸምናል። ስፌት አይደለም፤ ጥቀማ ነው፣ ጨርቁን እንደገና መሥራት። ትልቋ ቀዳዳ ብቻዋን ከምሳ በፊት ያለውን ጊዜ ሁሉ ወሰደች። ሲጨርስ እርጥብ ነጠላ ጨርቅ አልብሶ ካውያውን ሳይጫን አሳረፈበት፣ እንፋሎቱ ሲወጣ በብሩሽ ጠጉሩን ወደ ታች፣ ወደተኛበት አቅጣጫ አበጠረው። ዞር ብዬ ስመለስ ቦታው ጠፋኝ። የተሸመነበትን ሳይሆን ያልተነካውን ቦታ እያሳየሁት ነበር።

የቁልፉ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ጎደሉ ያልኳችሁ ሁለቱ ፊት ለፊት የሚታዩት ናቸው። መልሕቅ ያለበት ቁልፍ በዚያ ማሰሮ ውስጥም ቢፈለግ የለም። እኔ ስምንቱንም በአንድ ዓይነት አዲስ ቁልፍ እንቀይራቸው ብዬ ነበር። እምቢ አለ። ኮሌታው ሥር የተደበቁትን ሁለት መልሕቆች ነቅሎ ፊት ላይ ሰፋቸው፣ በነሱ ቦታ ከማሰሮው መጠናቸው የሚስማማ ሁለት ተራ ጥቁር ቁልፍ አደረገ። ከፊት ስምንቱም መልሕቅ ሙሉ ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን ሐረር ድረስ ያስኬዳል።

አሁን ንስሩ። ግራ እጅጌ ላይ፣ ከትከሻ ወረድ ብሎ፣ ሱፉ ከሌላው ጠቆር የሚልበት ቦታ አለ። አሜሪካዊው ካፖርቱን ሲሰጥ ምልክቱን ነቅሎታል፤ የማዕረጉ ነውና ለሌላ አይሰጥም። ግን ለዓመታት ፀሐይና ጨው ሱፉን ሲያደበዝዙት ከምልክቱ ሥር ያለው አልደበዘዘም። ብርሃን በጎን ሲመታው የተዘረጉት ክንፎችና ከሥራቸው ሦስት የታጠፉ መስመሮች ይታያሉ። እኔ ለዓመታት እድፍ ነው ብዬ ነው የማስበው። ልብስ ሰፊው ነው ያሳየኝ። «እዚህ ወፍ ነበረች» አለኝ፣ በዙሪያዋ የቀሩትን የጥንት የመርፌ ቀዳዳዎች በጥፍሩ እየነካ። ከብሎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ቀኝ ክንፏ ጫፍ ላይ ነው የወደቀው። እዚያ የሸመነበት ክር ከቅምቅማቱ ውስጥ የወጣ፣ ፀሐይ ያላየ ክር ስለሆነ ቀለሙ ከጥላዋ ጋር ገጠመ። አስቦ ነው ያደረገው፤ ለሌሎቹ ቀዳዳዎች ግን ከዚያው ቅምቅማት ጠርዝ ላይ ካለውና ትንሽ ከደበዘዘው ነበር የመዘዘው። «ወፏን በደበዘዘው ክር ብሞላት ሰውየውን ማጥፋት ነው» አለኝ። ስለ ሰውየው አንድም ቃል አልነገርኩትም ነበር። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ ሁሉንም የነገርኩት፤ ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ሦስቱ ማመልከቻ፣ ስለ ሞተር ክፍሉ። መኪናውን አቁሞ ሰማኝ።

ጉድለቱንም ልጻፍ፤ ካልጻፍኩ ማሞገስ ብቻ ይሆናል።

ጊዜ አያከብርም። «አሥር ቀን» አለኝ፣ 31 ቀን ፈጀ። ሁለተኛው ጉዞዬ ያልቃል ባለኝ ቀን የሄድኩት ነው፤ ገና አንድ እጅጌ ነበር የጨረሰው። ስልኩን አያነሣም። ደረሰኝ የለም፣ ቀብድ ከፍለህ በእምነት ነው የምትሄደው። አዲሱ ገበር ጥሩ ጥቁር ሳቲን ነው፣ ልክ እንደ ድሮው፤ ግን የቀኝ እጅጌው ገበር አንድ ጣት ያህል አጥሯል፣ ክንዴን ወደ ላይ ሳነሣ ጫፉን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስነግረው ፈትቶ ትንሽ አስለቀቀልኝ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተስተካከለም። ደግሞ የውስጥ ኪሱን ረሳው። የድሮው ገበር ላይ አባቴ የመርከብ መታወቂያውን የሚይዝባት ትንሽ ኪስ ነበረች፤ ገበሩ ሲቀየር እሷም አብራ ሄደች። ለአራተኛ ጊዜ የሄድኩት ለእሷ ነው። አልተከራከረኝም፤ ከአሮጌው ገበር ላይ ራሷን ኪሷን ቆርጦ አስቀምጧት ነበርና አዲሱ ላይ ሰፋት፣ ሳንቲም አልጠየቀኝም። አሮጌ ጨርቅ አለመጣሉ ነው ያዳነኝ።

ለጥቀማው 1,200፣ ለገበሩ ጨርቅ 900፣ ለገበር ሥራው 700፣ ለኪሱና ለቁልፉ 200፤ በድምሩ 3,000 ብር ከፈልኩ። የኪሱ ኮርዶሮይ ከሌላ ሱሪ የተገኘ ነው፣ ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ከውጭ ስለማይታይ አላስጨነቀኝም። ድሬ ላይ ልጣፍበት ያለኝ ሰው 800 ጠይቆኝ ነበር። ልዩነቱ ብዙ ይመስላል። ሰውየው ለአንዲት ቀዳዳ ግማሽ ቀን ሲቀመጥ ስላየሁ ለእኔ ብዙ አይደለም፤ እንዲያውም ሲከፈለው አንሷል እላለሁ።

ልትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ የሚሠራው በበሩ ብርሃን ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ከመንገዱ ላይ ስትነሣ ለጥቀማ አይቀመጥም፣ ሱሪ ማሳጠር ነው የሚሠራው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ይዘጋል። ለሠርግ የሚደርስ ልብስ አትስጡት። የሚያስቸኩል ነገር ያላችሁ እዚያው መንገድ ላይ በሰዓት የሚያደርሱ ሞልተዋል።

የመጨረሻው ጉዞዬ ላይ ካፖርቱን ለብሼ ነው የወጣሁት። የክረምት ማብቂያ ነበር፣ ሐረር ማታ ማታ ይበርዳል። ፈረስ መጋላ ጋ ሚኒባስ ስጠብቅ ካፍያ ጀመረ። ኮሌታውን አነሣሁት፤ ጆሮዬን ሸፈነው። ጠብታዎቹ ትከሻዬ ላይ ያርፋሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ይወርዳሉ። አባቴ ይህን እያሳየን «ባሕር ላይ ደግሞ ጨው ጥሎበት ይሄዳል» ይል ነበር።

«ኢትዮጵያ» ዛሬ የለችም። ምጽዋ በ1982 ከተያዘች በኋላ በ1983 ዓ.ም. አሰብም ከእጅ ስትወጣ ወደ የመን ሸሸች፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረት ተሸጣ ተቆራረጠች። አባቴ ወሬውን ከሰማ በኋላ ለብዙ ቀን ዝም እንዳለ አስታውሳለሁ። ቤታችን ውስጥ ከዚያ መርከብ የቀረው ይህ ካፖርትና አንድ የሸራ ከረጢት ነው። ከረጢቱ አፉ ላይ ገመድ የሚገባባቸው የናስ ቀለበቶች አሉት፣ ሁለቱ ወልቀዋል፣ የታች ስፌቱም ተተርትሯል። ለልብስ ሰፊው በስልኬ ፎቶውን አሳይቼዋለሁ። አጉልቶ አየውና በሰም የታሸ ወፍራም ክር ሲያገኝ እንደሚሠራው ነገረኝ፤ ቀለበቶቹን ግን ከወርቅ ሠሪዎቹ ዘንድ ራሱ ወስዶ ያስመታልኛል። ለጥቅምት አምጪው ብሎኛል። ኅዳር ላይ ያልቃል ብዬ ይዣለሁ።